ዋሴ በሕንፃችን ተሸንፎ ለከተማው የተወዳደረ ጊዜ

ሰንበት ወጥቶ ራሞት በሚባለው ሰፈር ልጄ ቤት ተቀምጠን ሳለ ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ሰውዬ ብቅ አለ። ከጥቂት ዓመት በፊት ለአንድ ወንበር ተወዳድሮ ክፉኛ ተሸንፎ ነበር አሉ፤ አሁን ደግሞ ክራቫቱን እያስተካከለ ከዚያ ለሚበልጥ ወንበር ልወዳደር ነው ይላል። ልጄ ተቆጣች። ትንሹን ያላገኘ ሰው ትልቁን በምን ዓይኑ ይጠይቃል ነው የምትለው። ባሏ ደግሞ ለምን አይችልም ብሎ ድርቅ አለ። ሁለቱ በዕብራይስጥ ሲከራከሩ የልጅ ልጄ ወደኔ ዞራ "ሳቭታ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?" አለችኝ፤ ሳቭታ አያቴ ማለቷ ነው። እኔ ምን ልበል፣ ሳቄ መጥቶ ይተናነቀኛል። እነዚህ ልጆች ነገሩን እነሱ የጀመሩት መስሏቸዋል። እኛ ሽኩና ዳሌት የሚሉት ሰፈር ሳለን ይህንኑ ጉዳይ ወራት ሙሉ ተከራክረንበታል፤ ያውም የተሸነፈው ሰውዬ የኔው ባል ነበር።

ዘመኑ መቼ ነው ብትሉኝ በቁጥር አልነግራችሁም፣ ከቁጥር ጋር ከተጣላሁ ቆየሁ። ሞባይል ስልክ ገና ወፍራም የነበረበት፣ ልጆቻችን ከታች እንደ ድንኳን የሚሰፋ ጂንስ እየጎተቱ የሚሄዱበት ጊዜ ነው። ሱሪያቸው የደረጃውን አቧራ ጠርጎ ስለሚሄድ እኔ በበኩሌ ለጽዳቱ አመሰግናቸው ነበር። ፋላፌል የሚሉት የሽምብራ ጥብስ በግማሽ ቂጣ ተደርጎ በአምስት ሸቀል ይገኝ ነበር፣ ያውም ሰላጣው ሞልቶ እጅጌ ላይ እስኪፈስ ድረስ። ዓርብ ቀትር ላይ አውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ ያለው ገበያ ሊዘጋ ሲል ነጋዴዎቹ ቲማቲሙን ኪሎውን በሸቀል፣ በሸቀል እያሉ ሲጮሁ እኔ ጋሪዬን እየጎተትኩ የመጨረሻዋን ደቂቃ እጠብቅ ነበር። ዛሬ ልጄ ቲማቲም በስልኳ ታዝዛለች፤ አንድ ልጅ በር ላይ አስቀምጦላት ይሄዳል። ቲማቲሙን ሳትጨብጠው፣ ሳታገላብጠው። ልናገራት እልና እተወዋለሁ። ራሞት ውስጥ ሰው በእግሩ ሲሄድ እንኳ አይታይም፤ ሁሉም መኪናው ውስጥ ነው። ዳሌት ግን ከቤት እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ለመድረስ ሃያ ሰው ሰላም ማለት ነበረብን፤ እያንዳንዱ ሰላምታ ደግሞ የልጁን፣ የልጅ ልጁንና የጉልበቱን ጤና ጠይቆ ነው የሚያበቃው። አውቶቡስ ያመለጠን በዚህ ምክንያት ነው እንጂ በሌላ አይደለም።

ባሌ ዋሴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሱፐርማርኬት በር ላይ ጥበቃ ነበር። በዚያ ዘመን ፈንጂ እየተፈራ የትም ስንገባ ቦርሳችን ይፈተሽ ነበር። ሌላው ጠባቂ እስከ ታች ድረስ ይጎረጉራል። የኔው ሰው ግን ቦርሳ ሲከፈትለት ሳያስፈቅድ የሰው ጓዳ የገባ ይመስል ፊቱን ያዞራል። አሮጊት ስትመጣማ "ይለፉ እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ምን ይይዛሉ" ብሎ ጭራሽ ዕቃዋን ተሸክሞ ያስገባላት ነበር። አለቃው ሁለት ጊዜ አስጠንቅቆታል። ሰው ፊት እምቢ ማለት፣ ስለ ራሱ መናገር፣ የሰው ዓይን አፍጥጦ ማየት፣ እነዚህ ሦስት ነገሮች ዋሴን ያሳምሙት ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ ፖለቲካ ውስጥ የገባው።

የገባውም በሕንፃችን በኩል ነው። ሕንፃችን አራት ፎቅ፣ ዐሥራ ስድስት ቤት ነው፤ ሊፍት የለውም። ከኛ ሌላ ዐሥሩ ቤት ከአገር ቤት የመጡ የኛው ሰዎች ናቸው፤ የቀረው ከሞሮኮም ከሩሲያም የመጣ ነው። የደረጃው መብራት ሲጫኑት ይበራና ሁለተኛ ፎቅ ሳያደርስ ድርግም ይላል፤ ከዚያ ወዲያ በዳበሳ ነው። መብራቱን፣ ቧንቧውን፣ የደረጃውን ጽዳት የሚከታተል ሰው ቫዓድ ባይት ይባላል፤ የሕንፃው ሹም በሉት። የድሮው ሹም አርጅተው ልጃቸው ዘንድ ሲሄዱ ሁለት ሰዎች ለቦታው ቀረቡ፤ ዋሴና ዣክሊን። ዣክሊን ምድር ቤት የምትኖር ሞሮኳዊት ናት። ፀጉሯ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ድምፅዋ ማዶ ሰፈር ሽኩና ሄ ድረስ የሚሰማ፣ ልቧ ግን ንጹሕ ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባት ልጆቿ ተበትነውባት ብቻዋን ነው የምትኖረው።

ዋሴ ዐሥሩንም ቤት ዞረ። ሁሉም እሺ አለው። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እማማ ይታይሽማ "ልጄ፣ አንተን ትቼ ማንን ልመርጥ ነው?" ብለው አገላብጠው ሳሙት። ምርጫው ከፖስታ ሳጥኖቹ ሥር በጫማ ካርቶን ተደረገ። ከመካከላችን ዕብራይስጥ መጻፍ የማይችል ስለሚበዛ ዣክሊን ራሷ መላ አመጣች፤ እሷን የሚመርጥ አበባ ይሳል፣ ዋሴን የሚመርጥ ባርኔጣ ይሳል። ዋሴ ከራሱ የማያወልቃት ግራጫ ባርኔጣ ነበረችው።

ደረጃውን ስንወርድ "ይቅናህ እንግዲህ፣ አንድ ድምፅ እንኳ ከራስህ አለህ" አልኩት።

ቆም አለና "ሰው ራሱን ይመርጣል እንዴ ታንጉት?" አለኝ። "ነውር አይደለም? እኔ የምመርጠው ዣክሊንን ነው።"

እኔ ደግሞ፣ ዛሬ ላይ ምን አስዋሸኝ፣ አበባ ነው የሳልኩት። ከልቤ ነው የሳልኩት፣ በአምስት ቅጠሏ። ዋሴ ሹም ቢሆን ቤታችን ዕረፍት አይኖረውም። የፈረቃ ሠራተኛ ነው፤ ቀን በተኛበት ቧንቧ ፈነዳ እያሉ ያንኳኩበታል፤ እሱ ደግሞ እምቢ አያውቅም። ዐሥር ቤት ቃል የገባለት ሰው የኔ አንዲት ድምፅ ብትቀርበት ምን ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ካርቶኑ ተከፍቶ ወረቀቱ ሲዘረጋ አበባ በአበባ ሆነ። አበባ፣ አበባ፣ ደግሞ አበባ። የአትክልት ሱቅ የከፈትን ነበር የሚመስለው። መጨረሻ ላይ አንዲት ባርኔጣ ወጣች፤ እሷም ድስት ትመስላለች።

ምን እንደ ሆነ የገባኝ ቆይቶ፣ ሴቶቹ በየተራ ሹክ ሲሉኝ ነው። ዣክሊን ለካ ሁሉንም ቤት በትሪ ኩኪስ ይዛ ዞራለች። የኛ ሰው ደግሞ እያንዳንዱ ለብቻው "ዋሴ ዘመዶቹ ሞልተውለታል፣ ይህች ምስኪን ማን አላት? ሰው ሁሉ ለሱ ሲሰጥ እሷ ባዶ እጇን ብትቀር እኛ ነን የምናፍረው፣ አንዷን የኔን ልስጣት" ብሎ አስቧል። እማማ ይታይሽ እንደዚህ አሰቡ፣ ጎረቤታቸው እንደዚህ አሰበች፣ ሁሉም እንደዚህ አሰበ። በይሉኝታ ሰው ሲሸነፍ ያየሁት ያኔ ነው።

ዋሴ አልተቆጣም። ዣክሊንን እንኳን ደስ አለሽ አላት። ከዚያ ያቺን ድስት መሳይ ባርኔጣ በጣቶቹ ይዞ ወደኔ አየና "አንዲትስ ሰው አለችኝ" አለ፣ ሁሉም እየሰማ። ክው አልኩ። አፌን ልከፍት ስል ጎረቤቱ ሁሉ በአድናቆት ያየኛል። ዝም አልኩ። ያቺ ዝምታ ናት እንግዲህ ስንት ዓመት የበላችኝ።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ መልካም ነበር። ዋሴ ግን ለቅሶ ቤት በሄድን ቁጥር ይህችኑ ያነሳል። በወቀሳ አይደለም፣ ወቀሳ አያውቅበትም፤ እንዲሁ ስለ ሰው ታማኝነት ጨዋታ ሲነሳ "እኔ ከዐሥር ቤት አንዲት አለችኝ፣ ባለቤቴ" ይላል። ጎረቤቶቻችን አንገታቸውን ይደፋሉ። እኔ ደግሞ ከነሱ በላይ እደፋለሁ። ሴቶቹ ትሕትና መስሏቸው "እንዲህ ናት ጨዋ ሴት" ይላሉ። ሌሊት ጎኔ ተኝቶ ሲያንኮራፋ፣ ያን ባርኔጣ የሳለው ማን ይሆን እያልኩ እብሰለሰላለሁ። አንድ ታማኝ ጎረቤት አለ፣ ምስጋናውን እኔ ሰርቄበታለሁ። አንዳንዴ እማማ ይታይሽ ይሆናሉ እላለሁ፤ በማግስቱ እሳቸው ራሳቸው መጥተው "አፈርኩ ልጄ፣ አበባ ነው የሳልኩት" ይሉኛል። ሁሉም እየመጣ ለኔ ይናዘዛል። እኔ ግን የምናዘዝለት ሰው አልነበረኝም።

ጥቂት ዓመት አለፈ። ዣክሊን መብራቱን አሠራችው፤ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ያደርስ ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት ኦፌር የሚባል ሸሚዙን ያልከተተ፣ ሁለት ስልክ የያዘ ጎልማሳ በራችንን አንኳኳ። ለከተማው ምክር ቤት የሚወዳደር ቡድን እያሰባሰበ ነው፤ ከዝርዝሩ ሦስተኛ ላይ የኛን ሰው ማስገባት ፈልጓል። በሰፈሩ የምርጫ ልምድ ያለው ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ ዋሴን ነግረውታል። ልምዱ ምን እንደ ነበር የነገረው ሰው የለም።

ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ከሕንፃው ሥር ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ሽማግሌዎቹ በጠዋት ይቀመጡና እስከ ማታ ይህንኑ ይጥላሉ ያነሳሉ። አንድ ደረጃ ያልመረጠው ሰው ከተማ ይመርጠዋል ወይ? አይመርጠውም የሚሉት ይበዙ ነበር። እኔም አንዷ ነበርኩ፤ እንዳይወድቅብኝ ፈርቼ። አሁን ሲወድቅ ደግሞ በከተማ ልክ ነው።

እራት ላይ "ተው ዋሴ፣ ይቅርብህ" አልኩት። "በሕንፃው ያየኸው አይበቃህም?"

ምግቡን ትቶ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። "ተይ እንጂ ታንጉት፣ አስቢው። ሕንፃው ውስጥ ያልመረጡኝ የሚያውቁኝ ሰዎች ናቸው። ከተማው ግን አያውቀኝም። ስለዚህ በከተማው ያለኝ ዕድል የተሻለ ነው።"

እንጀራውን ወደሱ ገፋ አድርጌ ብላ አልኩት።

ለቅስቀሳው ጥንታዊው ከተማ ከሚባለው ሰፈር ሱፍ ልብስ ገዛን። ባለ ሱቁ ሽማግሌ የጠየቀን ዋጋ በዝቶብን ልንወጣ ስንል፣ ሰውየው ለምን እንደሆነ ሰምቶ ለምርጫ ከሆነ በግማሽ ውሰዱት፣ ካሸነፍክ እጅጌው ሲያልቅ መጥተህ ሌላ ትገዛለህ አለ። ጥቁር ሰማያዊ ነበር፣ ትከሻው ትንሽ የሚሰፋ። ዋሴ ሲለብሰው የሠርጋችን ቀን ትዝ ብሎኝ ደንገጥ አልኩ፤ ያማረ ሰው ነበር። አንድ የሠርግ ዘፋኝ በኪቦርድ የቅስቀሳ ዜማ ሠራለት፤ ዜማው ከሙሽራ ዘፈን የተወሰደ ስለሆነ የድምፅ ማጉያ የያዘው መኪና ባለፈ ቁጥር ሴቶች ሠርግ መስሏቸው እልል እያሉ በረንዳ ላይ ይወጡ ነበር። የዝርዝሩ ስም የታተመበት ቢጫ ካናቴራም ታደለ። ምርጫው አልፎ ከዐሥር ዓመት በኋላ እንኳ በዚያ ካናቴራ መስኮት ስወለውል ነበር፤ ጥጡ ጥሩ ጥጥ ነው።

ሽኩና ሄ፣ የአረጋውያን ክበብ ውስጥ ንግግር አደረገ። ያን ቀን አልረሳውም። ወንበሩ ሁሉ ሞልቷል፣ ኦፌር ከጎኔ ቆሟል። ዋሴ ተነስቶ ባርኔጣውን አወለቀና ስለ ተፎካካሪዎቹ መናገር ጀመረ። አንደኛው ጎበዝ የተማረ ልጅ ነው አለ። ሌላኛዋ እናቷን በሕመም ያስታመመች የተባረከች ሴት ናት አለ። ሁሉንም በየተራ አመሰገነና ስለ ራሱ ሲደርስ ላብ በላብ ሆኖ "እኔ እንግዲህ የምታዩኝ ነኝ። ከኔ የሚሻል ካገኛችሁ እሱን ምረጡ፣ አልቀየማችሁም" ብሎ ተቀመጠ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ኦፌር አማርኛ አይሰማ፣ ደስ ብሎት "ምን አላቸው?" አለኝ።

"ከሁሉም እበልጣለሁ አላቸው" አልኩት።

"ቤሴደር ጋሙር" አለ፣ በጣም ጥሩ ማለቱ ነው። "ሁልጊዜ እንደዚህ ይናገር።"

ምርጫው ሲቃረብ ሕንፃችን ውስጥ አንድ ሹክሹክታ ተጀመረ። የጀመሩት እማማ ይታይሽ ናቸው። አንድ ቀን ቤቴ መጥተው በሩን ራሳቸው ዘጉና ከነጠላቸው ሥር አንድ ቢክ እስክሪብቶ አወጡ።

"ታንጉትዬ፣ እንዲያው ይህች የድምፅ ወረቀት፣ ፔቴክ የሚሏት፣ ሰው ስሙን የሚጽፍባት የት ላይ ነው?"

"ስም አይጻፍባትም መሰለኝ እማማ።"

"ታዲያ ዋሴ እኔ እንደ መረጥኩት በምን ያውቃል? አሁንም ቢሸነፍ ለቅሶ ቤት ሁሉ ያለ ባለቤቴ ሰው የለኝም ሊለን ነው። አንድ ጊዜ ዋሽተነዋል፤ አሁን ብንመርጠውስ ማን ያምነናል?"

እውነታቸውን ነው። ደግሞስ እዚህ አገር ያልፈረምንበት ምን ነገር አለ? ከአውሮፕላን ስንወርድ ፈረምን። ቤት ሲሰጠን ፈረምን። ሐኪም ቤት መርፌ ልንወጋ ፈረምን፣ ልጆቻችን ለሽርሽር ሲሄዱ ፈረምን፣ ደብዳቤ ለመቀበል ፈረምን። ያልተፈረመ ወረቀት እንዳልተጻፈ ነው የሚቆጠረው፤ እዚህ ከረገጥንበት ቀን ጀምሮ ጸሐፊዎች ሁሉ ያስተማሩን ይህንኑ ነው። ስለዚህ እማማ ይታይሽ ያሉት ነገር ለኔም ልክ መሰለኝ። እሳቸው ከኔ ቤት ወጥተው ወደሚቀጥለው በር ሄዱ። ለኦፌር የነገረው የለም፣ ለልጆቻችን የነገረ የለም፣ ለዋሴማ በጭራሽ፤ ድንገት አይቶ እንዲደሰት ነዋ።

የምርጫው ቀን ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ተሰለፍን። ከቀትር ነፋሱ ጋር ከበረሃው የመጣ አቧራ ነበር፤ ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል፤ በየነጠላው ሥር እስክሪብቶ አለ። መጻፍ የማይችሉት እማማ ይታይሽ ግን እስክሪብቷቸውን ለኔ ሰጥተው የልጅ ልጃቸውን የከንፈር ቀለም ይዘው መጥተዋል፤ አውራ ጣታቸውን ለመቀባት። ከመጋረጃው ጀርባ የሚገባው ሰው ሁሉ አልወጣ አለ። የጥበቃው ልጅ ሰዓቱን እያየ "ውስጥ ምን ይሠራሉ?" ይላል።

ተራዬ ደርሶ ስገባ ስሜን ብቻ ጽፌ ልወጣ ነበር። ፔቴኳን ፊቴ አድርጌ እስክሪብቶውን ሳነሳ ግን ያ ሁሉ ዓመት የታፈነው ነገር ገነፈለ። እነዚህ የተፈረሙ ወረቀቶች ተሰብስበው ለባለቤቱ እንደ ደብዳቤ የሚሰጡ ነበር የመሰለኝ። በአማርኛ፣ በደቃቃ ፊደል እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ "ዋሴ፣ በሕንፃው ምርጫ ጊዜ የመረጥኩህ እኔ አይደለሁም። አበባ ነው የሳልኩት። ዛሬ ግን ከልቤ መርጬሃለሁ። ይቅር በለኝ። ታንጉት።" ፖስታው ውስጥ ከትቼ ሳጥኑ ውስጥ ጣልኩት። ስወጣ ትከሻዬ ቀለለኝ።

በሩ ላይ ዣክሊን ተሰልፋ አገኘችኝ። "እኔም የምመርጠው የናንተን ዋሴን ነው ካፓራ" አለችኝ፣ ነፍሴ እንደ ማለት፣ ጉንጬን ቆንጥጣ። ደስ ብሎኝ በጆሮዋ "ስምሽን መጻፍ አትርሺ" አልኳት።

"የት ላይ?"

"ፔቴኳ ላይ ነዋ። ሁላችንም ጽፈናል።"

ዣክሊን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ታንጉት፣ የተጻፈበት ፔቴክ ፓሱል ነው። አይቆጠርም። ማታ ሲከፍቱት ለቆጣሪዎቹ ሁሉ እያሳዩ ይጥሉታል።"

"ቆጣሪዎቹ እነማን ናቸው?"

"ከየዝርዝሩ አንድ አንድ ሰው። ከናንተ ዋሴ ነው የሚቀመጠው፤ ኦፌር ሲናገር ሰምቻለሁ።"

ወደ ቤት እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በመንገድ ላይ ማንንም ሰላም ሳልል አለፍኩ። ባሌን ለሁለተኛ ጊዜ ጥለነዋል፤ አሁን ደግሞ ሁላችንም እየወደድነው። ከዚያ በላይ የከበደኝ ግን የኔው ወረቀት ነው። ባዕድ ሰዎች ተሰብስበው በተቀመጡበት አንዷ ታነሳለች፣ ምን ይላል ብላ ትጠይቃለች፣ አማርኛ የሚያነብ ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ሰው ፊት ስለ ራሱ መናገር የሚያሳምመውን ሰው ሚስቱ እንዳልመረጠችው አገር ፊት ልታስነብበው ነው። ያቺን አንዲት ባርኔጣ እንኳ ልነጥቀው ነው። ልነሳና ልሂድ፣ ሳጥኑን ክፈቱልኝ ልበል እላለሁ፤ ማን ይከፍትልኛል።

ዋሴ ሳይመጣ ነጋ። የቆሻሻ መኪናው አልፎ፣ ልጆች ቦርሳቸውን አንግተው ወደ ትምህርት ቤት መውረድ ሲጀምሩ ነው ደረጃው ላይ ኮቴውን የሰማሁት። ሱፉ ተጨማዷል። በብብቱ አንድ ዳቦ ይዟል።

"ተሸነፍን" አለ። ፊቱ ግን የተሸነፈ ሰው ፊት አይደለም።

ወንበር ሳብኩለት። ቁጭ ብሎ ጫማውን አወለቀ።

"ቆጠራውን የምትመራው አንዲት መነጽር ያደረገች ተማሪ ናት" አለ። "የመጀመሪያውን ፖስታ ከፈተችና ‘ይሄ ምንድን ነው?’ ብላ ጠየቀችኝ። ሳየው ስም ነው። አነበብኩላት። ፓሱል ብላ ጎን አስቀመጠችው። ሁለተኛውን ከፈተች፣ እሱም ስም። ሦስተኛው ላይ ቀይ ጣት ነው ያለው፤ ያንን ደግሞ የማን እንደ ሆነ ወዲያው አወቅሁ፣ የእማማ ይታይሽ አውራ ጣት ጠባሳ አለባት። እሷ ፓሱል ፓሱል ትላለች፣ እኔ ስም እጠራለሁ። አንድ ሰው አልቀረም ታንጉት። ሕንፃው በሙሉ፣ ማዶ ያሉት ሕንፃዎች ሳይቀሩ። ኦፌር ይህ ሁሉ ባይጣል ትገባ ነበር ብሎ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። እኔ ግን ..." እንባውን በሱፉ እጅጌ ጠረገ። "እኔ ግን እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።"

እኔ የምጠብቀው ሌላ ነው። ገና አልተቀመጥኩም።

"የኔንስ?" አልኩት።

"አዎ፣ ያንቺም ወጣ። ረጅም ሆነባትና ‘ይህኛው ምን ይላል?’ አለችኝ። ሁሉም ቀና ብሎ አየኝ።"

"ምን አልካቸው?"

"ባለቤቴ ናት፣ ስትመለስ ዳቦ ይዘህ ና ትላለች አልኳቸው። በጣም ሳቁ።" ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አደረገ። "ዋሸ እንዳልባል ገዝቼ መጣሁ።"

ከጎኑ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ይቅርታ አልኩ፣ እንዲያ ሆኖ እንዲህ ሆኖ እያልኩ ስለ ቧንቧውም ስለ ፈረቃውም ቀባጠርኩ። አላቋረጠኝም። ሲጨንቀው እንደሚያደርገው ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ ወለሉን ያያል። ጆሮው ቀልቷል።

"እኔ እኮ አውቅ ነበር" አለኝ በመጨረሻ።

"ምኑን?"

"እንዳልመረጥሽኝ። ያን ጊዜ ራሴን የመረጥኩት እኔ ነኝ።"

ደረጃው ላይ ቆሞ ነውር ነው ያለኝ ሰው።

"ወረቀቱን ሳነሳ ማንም ባይመርጠኝስ ብዬ ፈራሁ" አለ። "አንዲቷ ብቻ ስትወጣ ሁሉም የማን ናት ብሎ ያየኛል። ራሴን መረጥኩ ልበል? ያንቺ ናት አልኩ። ከዚያማ አንዴ ወጥቷል፣ የማልመልሰው ሆነ።"

"በየለቅሶ ቤቱ የመሰከርክልኝስ?"

"ካላነሳሁት እንዳይጠረጥሩ ብዬ ነው።"

ስንት ዓመት። ስንት ዓመት እንቅልፍ አጥቼ፣ ጎረቤት ሁሉ አንገቱን ደፍቶ፣ እሱ ደግሞ ከጎኔ እያንኮራፋ። ልቆጣ ፈለግሁ። ዓይኑን ሳየው ግን ያው ቦርሳ ሲከፈትለት ፊቱን የሚያዞረው ሰው ነው፤ ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ። ዣክሊን ከታች "ምን ሆናችሁ?" እስክትል ድረስ ሳቅን።

ዳቦውን ቆርሰን መብላት ስንጀምር ዋሴ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎረሰና ጉሮሮውን ጠረገ።

"ታንጉት፣ ኦፌር ስንለያይ ምን አለኝ መሰለሽ? እንዲህ የሚወደድ ሰው አይቼ አላውቅም፣ በሚቀጥለው ለክኔሴት ነው አለኝ።"

ቀና ብዬ አየሁት። አልቀለደም። እንደዚያ ሆኖ፣ በተጨማደደ ሱፉ፣ ፍርፋሪ ጢሙ ላይ ይዞ፣ ፓርላማውን እያሰበ ነው። ከዚያ ወዲያ ኦፌርም አልመጣ፣ ማንም አልጠራው፤ እሱም ሁለተኛ አላነሳውም። ያን ጠዋት ቢጠሩት ኖሮ ግን ከሰሜን ዳን እስከ ደቡብ ኤላት ያለውን በር ሁሉ አንድ በአንድ እያንኳኳሁ የምለምንለት እኔ ራሴ ነበርኩ።